ከኖራው ሥር የቀረው ደብዳቤ

ውሻ ፍቅር ያዘው ሲባል የሚስቅ አይጠፋም። ይሳቅ፤ ሳቅ ገና በራሽን አልሆነም። ፉርጎን ግን እውነቱን ነው የያዘው፤ ያውም ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ጥሎሽ፣ እንዲሁ በሙሉ ልቡ።

የተወለደው ናዝሬት ባቡር ጣቢያ፣ ዝጎ ከሐዲዱ ዳር በቀረ አሮጌ የዕቃ ፉርጎ ሥር ነው፤ ስሙም ከዚያው ወጣለት። ሲያድግ ከጣቢያው የውሾች ቡድን ገባ። ገባ ማለትም አይቻል፤ እዚያ ለተወለደ ሌላ የሚገባበት አልነበረም። የቡድኑ አለቃ ቆራጤ ይባላል። ግራ ጆሮው ግማሽ ናት። ራሱ ሲያወራ «ከጅብ ጋር ተናንቄ ነው» ይላል። ጀርባውን ሲያዞር ደግሞ የሉካንዳ በር ነው የቆረጠው ይሉታል። ብቻ ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል? ከጣቢያው እስከ ጉደታ ሉካንዳ ጓሮ ያለው አጥንት ሁሉ በእሱ ፈቃድ ነው የሚጋጠው። ሕጉ አንድ ነው፤ የተገኘ ሥጋ መጀመሪያ ቆራጤ ፊት ይቀርባል፤ እሱ በልቶ ሳይጠግብ ማንም አፉን አይከፍትም። ይህን የተላለፈ ገመሬ የሚባል አንድ ውሻ ከሐዲዱ ማዶ ተወስዶ አልተመለሰም። የት ገባ ብሎ የጠየቀም አልነበረም።

ፉርጎ የቆራጤ ቀኝ እጅ ነበር፤ ቀኝ እግር ማለት ይሻላል። ከመስቀያ ላይ ጎድን ሲያወርድ ሚዛን የያዘው ጉደታ እንኳ የሚያውቀው ሥጋው ከሄደ በኋላ ነው።

ሎሚ ደግሞ ሌላ ዓለም ናት። ቆዳዋ የበሰለ ሎሚ የመሰለ፣ በሳምንት አንዴ በሳሙና የምትታጠብ፣ የወይዘሮ ፀሐይቱ ውሻ ናት። ወይዘሮ ፀሐይቱ ከሐዲዱ በላይ ባለው ሰፈር አምስት ቤት ነበራቸው። አራቱ በትርፍ ቤት አዋጅ ሲወረሱ የቀራቸው አንድ ቤት፣ አንድ ውሻና ያላጎነበሰ አንገት ነው።

አብዮቱ አሥር ዓመት ሊሞላው በተቃረበበት ዓመት በግንቦት፣ ናዝሬት ጥላ አጥታ ምላሷን አውጥታ በምታለከልክበት እኩለ ቀን፣ ፉርጎ ጎድን በአፉ ይዞ ሲሮጥ በቆርቆሮው በር ቀዳዳ ሁለት ዓይን አየ። ቆመ። ሥጋ ይዞ መንገድ ላይ የቆመ ሌባ ማን አይቶ ያውቃል? ጉደታ ደርሶ በመጥረጊያ እንጨት ወገቡን ሲለው እንኳ ዞር አላለም። ወደ ጣቢያው የተመለሰው ያለ ጎድን፣ ያለ ልብ ነው።

ከዚያ ወዲህ መጻጻፍ ጀመሩ።

ከበሩ ፊት አንድ የመብራት እንጨት ቆሟል። ሎሚ ፀሐይ ስትጠልቅ ለአፍታ ስትለቀቅ እዚያ ትጽፋለች፤ ፉርጎ ጠዋት መጥቶ ያነባል፤ መልሱንም ይጽፋል። የውሻ ደብዳቤ በምን እንደሚጻፍ የታወቀ ነው፤ አላብራራም። ግን አይናቅ። ሰው ሲጽፍ «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል፣ እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» እያለ ገጹን ይጨርሳል። ውሻ ዋናውን ነው የሚጽፈው፤ ምን እንደበላ፣ ማን እንዳስፈራው፣ ልቡ ወዴት እንዳዘነበለ። መዋሸት የሚባል ነገር የለም። ፉርጎ አንገቱን ደፍቶ ሲያነብ ከወንጂ የሚመጣው የስኳር መኪና ጆሮው ሥር ጥሩምባ ቢነፋ አይሰማውም።

አንዳንዴም በቀዳዳው ያወራሉ።

«ዛሬም ሳንባ ሳንባ ትሸታለህ» ትለዋለች።

«አንቺስ ሳሙና ሳሙና።»

«የትኛው ይሻላል?»

«ሳንባው ይበላል።»

ትስቃለች፤ ውሻ በጭራዋ ነው የምትስቀው፤ ጭራዋ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማዋል። አንድ ቀን ግን ሳትስቅ ጠየቀችው።

«ለምንድን ነው የምትሰርቀው፣ ፉርጎ?»

«ሳልሰርቅ የተሰጠኝ ነገር ስለሌለ» አላት።

ቀስ ብላ፣ «እኔም የተሰጠኝን ሁሉ መርጬ አይደለም» አለችው። አፍንጫዋን ወደ ቀዳዳው አስጠጋች። አፍንጫዋ ቀዝቃዛ ነበር። ያን ቅዝቃዜ ፉርጎ እስከ ጣቢያው ድረስ ይዞት ሄደ፤ እንዳይሞቅበት እየተጠነቀቀ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ከተማው ተተረማመሰ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ነው። ያ ሁሉ ቀይ ጨርቅ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ስኳር ለመቀበል የምንሰለፍበት በር ሳይቀር ቀይ ለበሰ። ቀበሌው ነዋሪውን ገና በጠዋት በዘመቻ አስወጥቶ የመንገዱን ድንጋይ፣ የዛፉን ግንድ፣ የመብራቱን እንጨት እስከ ወገቡ ኖራ አስቀባ። መንገድ ዳር ያንቀላፋ አህያ ቢገኝ እሱም አይተርፍም ነበር።

ታዲያ ኖራ ጨው ካልገባበት አይዝም። ዝናብ ሲያይ ይሮጣል። ለኖራው ተብሎ ከኅብረት ሱቅ የወጣው ጨው ግን በርሜሉ ጋ አልደረሰም። በዚያ ሳምንት የማን ወጥ ጨው እንደበዛበት የቀመሰ ያውቃል፤ እኔ ስም አልጠራም።

ፉርጎ ያን ቀን ደብዳቤውን ሊያነብ ሲመጣ እንጨቱ ነጭ ሆኖ ጠበቀው። አሸተተ። ኖራ። ዞረው። ኖራ። የሦስት ወር ፍቅር የነበረበት ቦታ አፍንጫ የሚያቃጥል ባዶ ነጭ ሆኗል።

እሱ ያላወቀውን እዚህ ጋ ልንገራችሁ። በኖራው ዋዜማ የቀበሌው ዘበኛ ፉፋ ጆንያ በትከሻው አድርጎ ወይዘሮ ፀሐይቱ ቤት ገብቶ ነበር።

«እትዬ፣ ይህን ቀይ ጨርቅ ለሎሚ አንገት ይሰሩላት» አላቸው። «ጳጉሜ ሦስት ጠዋት ባለቤት የሌላቸው ውሾች ዘመቻ አለ። ጨርቅ ያሰረ አይነካም። እስከዚያ ግን ከቤት አያስወጧት።»

«ምን ልታደርጓቸው ነው?»

«ጉደታ ጓሮ ሳንባ ይጣልላቸዋል።»

«መርዝ የተቀባ ሳንባ?»

ፉፋ መሬት መሬት አየ። «እኔ ታዝዤ ነው እትዬ። አካና ጄዴ፣ ኦቦ ሊቀመንበሩ እንዲህ በል አለኝ።»

ሎሚ ጠረጴዛው ሥር ሆና ጆንያውን አሽትታ ነበር። የአምናው ዘመቻ ውሾች የተለቀሙበት ጆንያ ነው፤ ከክሩ ውስጥ የተቀቀለ ሳንባ፣ መራራ ዱቄትና የመጨረሻ ትንፋሽ ይሸታል። ፀጉሯ ቆመ። በዚያች ምሽት ለመጨረሻ ጊዜ ስትለቀቅ ወደ እንጨቱ በረረች። ያየችውን ሁሉ ጻፈች፤ ጆንያውን፣ ዱቄቱን፣ ሳንባውን፣ ፍርሃቷን። «አትብላ» ብላ ጻፈች። ከሥሩም፣ እስከዚያ ቀን ደፍራ ያልጻፈችውን አንዲት ነገር ጨመረች።

ጠዋት ኖራው መጣ።

ከዚያ በኋላ ፉርጎ አራት ቀን ተመላለሰ። ደብዳቤ የለም። ቀዳዳው ዘንድ የሚጠብቅ ዓይን የለም። በአራተኛው ቀን በቀዳዳው ሲያጮልቅ በመስኮቱ መስታወት ውስጥ አያት፤ አንገቷ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ልቡ ዘለለ። እሷ ግን እንዳየችው ጥርሷን አሳይታ መጮህ ጀመረች። መስታወቱን በጥፍሯ ቧጠጠች፤ ጮኸች፤ አረፋ እስኪወጣት ጮኸች። ድምጿ በመስታወቱ ታፍኖ ቃሉ አይለይም። ፉርጎ የሚታየው ጥርስ ብቻ ነው።

«አትብላ» እያለችው እንደሆነ በምን ይወቅ? «ሂድልኝ» ያለችው መሰለው። ጭራውን እግሮቹ መሃል ከትቶ ሄደ። ዱላ ሲቀምስ የኖረ ገላ በዚያን ቀን ገና ሕመም ምን እንደሆነ ተማረ።

ጣቢያው ሲደርስ ቆራጤ ሐዲዱ ላይ ተንጋሎ ፀሐይ ይሞቃል።

«ኸረ ሙሽራው መጣ!» አለ። «ውሻ ምን አገባት ከእርሻ ሲባል አልሰማህም? አንተስ ምን አገባህ ከቪላ? ቀይ አስራለች አሉ። ያ ማለት ተድራለች ማለት ነው፣ ፋራ!»

ቡድኑ ሳቀ።

«ተወው፤ ነገ ጠዋት ከኔ ጋር ትመጣለህ» አለ ቆራጤ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጉደታ ጓሮ ሳንባ በጎላ ድስት ሲቀቀል አይቻለሁ። ዘበኛ የለ፣ አጥር የለ። ሆድህ ሲሞላ ልብህ ዝም ይላል።»

«ይሁን» አለ ፉርጎ። ለመብላት ፈልጎ አልነበረም። ዝም የሚል ልብ ፈልጎ ነው።

በነጋታው ጳጉሜ ሦስት፣ ቅዱስ ሩፋኤል ነው። በዚህ ቀን ሰማይ ይከፈታል ይባላል፤ የሚዘንበውም ዝናብ ጠበል ነው። ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ወደ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ስብሰባ ላይ «ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው» ሲባል ያጨበጨበው ሰው ሳይቀር በረንዳው ላይ ባልዲ ያወጣል፤ «ለልብስ አጠባ ነው» እያለ።

ቡድኑ በጠዋት ከጣቢያው ተነሳ። ቆራጤ ከፊት፣ ፉርጎ ከኋላ። መንገዱ በሎሚ በር ያልፋል። ፉርጎ ወደዚያ ላለማየት አንገቱን አዞረ።

ዝናቡ ያኔ ጀመረ።

ቀስ ብሎ አልነበረም፤ ተከፍቶ ነው። ከቦኩ ሸንተረር በኩል ጥቁሩ ደመና ተቀደደና አቧራው በአንድ ጊዜ ጨሰ። በሮች ተከፈቱ። ሴቶች ነጠላቸውን ጥለው፣ ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን አውልቀው ወጡ፤ ገንዳ ያለው በገንዳ፣ የሌለው በእጁ ይቀበላል። ያ ሁሉ ሰው ፊቱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ሲቆም ውሾቹ እንኳ እርምጃቸውን ገቱ።

ፉርጎ ከእግሩ ሥር ነጭ ነገር ሲፈስ አየ። ወተት መሰለው። የመንገዱ ድንጋይ ይፈሳል፤ ዛፉ ይፈሳል። ቀና ሲል የመብራቱ እንጨት ነጭ ቀሚሱን እያወለቀ ነው። ጨው ያላገኘው ኖራ በሩፋኤል ዝናብ እየተላቀቀ ወደ ቦይ ይሮጣል፤ ከሥሩ ጥቁሩ እንጨት፣ የዱሮው እንጨት፣ እርጥብ ሆኖ ብቅ አለ።

እርጥበት ሽታን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል። እንጨቱ አምስት ቀን በሆዱ ይዞት የቆየውን ተነፈሰው።

ፉርጎ ሳያውቀው እዚያ ደርሷል። አፍንጫውን አስጠጋ። መጀመሪያ ጆንያውን አነበበ። ዱቄቱን አነበበ። ሳንባውን፣ ጳጉሜ ሦስትን፣ «አትብላ»ን አነበበ። የመስታወቱ ጥርስ አሁን ገባው። ከዚያ ከሥሩ፣ ከሁሉም ዝቅ ብላ የተጻፈችውን አንዲት ነገር አነበበ። እሷን ለእናንተ አልነግራችሁም፤ የሱ ናት። ብቻ ያ ሌባ፣ ዱላ የማያስደነግጠው፣ ዝናቡ ውስጥ እንደ ቡችላ ተንቀጠቀጠ። ሰማይ ይከፈታል ሲባል ወሬ ይመስለው ነበር።

ቀና ሲል ቡድኑ የለም። ሮጠ።

ጉደታ ጓሮ ሲደርስ ሳንባው ተከምሮ ይጤሳል፤ ቡድኑ ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። ማንም አልነካም። ሕግ ሕግ ነው፤ ቆራጤ መጀመሪያ። ቆራጤ ሊጎርስ አፉን ከፍቷል። የጉደታ ድመት እትዬ ሙሉዬ ከግንቡ ላይ ቁልቁል እያየች፣ «ይህ ጉደታ ለኔ እንኳ አንድ ቀን በነጻ ሰጥቶ አያውቅም፤ ዛሬ ጽድቅ ከየት መጣ?» ትላለች። የሚሰማት ግን የለም።

ፉርጎ ለአንድ ትንፋሽ ቆመ። ዝም ቢል ቆራጤ ይሞታል። ከነገ ጀምሮ ከሐዲዱ ማዶ የሚወሰድ ሌላ ገመሬ አይኖርም። ዝም ማለት ቀላል ነበር። አፍንጫው ላይ ግን ደብዳቤው አለ፤ «አትብላ» የሚለው ቃል ለሱ ብቻ የሚቀር ቃል አልመሰለውም።

«አትብላ! መርዝ ነው!» ብሎ በቆራጤና በሳንባው መካከል ገባ።

ቆራጤ በግማሽ ጆሮው ሰማው። «አየህ? ቪላው በር ላይ ስትመላለስ የተማርከው ይህን ነው? ግልበጣ!»

«ቆራጤ፣ በእናትህ፣ አሽትተው! ከሳንባው ሥር ዱቄቱ...»

ጥርሱ የፉርጎ ትከሻ ላይ አረፈ። ፉርጎ ወደቀ። ቆራጤ ደሙን ሳይጠርግ፣ ሁሉም እያየው፣ ቀስ ብሎ፣ ለክብሩ ያህል ጎረሰ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛውን አልዋጠም።

እግሮቹ ተወጠሩ። በዝናቡ ውስጥ ጎኑን ሰጠ። ከወደቀበት ዓይኑን ወደ ፉርጎ አዞረ።

«በር ነበር» አለ፣ በማይሰማ ድምፅ። «ጆሮዬን... የሉካንዳ በር ነው የቆረጠኝ።»

ያን ሁሉ ዓመት የያዘውን ውሸት ጥሎ ሄደ። ደመ ከልብ። ቡድኑ አንድ በአንድ ከሳንባው ሸሸ። ቆራጤ ለጥቅሙ ያወጣው ሕግ ሁሉንም አዳናቸው። 

ፉርጎ በሦስት እግሩ እያነከሰ ተመለሰ። ሌላ የሚሄድበት ቦታ አልታየውም።

የቆርቆሮው በር ተከፍቷል። ወይዘሮ ፀሐይቱ ራሳቸውን ገልጠው፣ ሽበታቸው ላይ ጠበሉን እየተቀበሉ ቆመዋል። ሎሚ በእግራቸው መሃል ሾልካ ወጣች። አልሮጠችም። የምታየው ነገር እውነት እንዳልሆነ የፈራች ይመስል ቀስ እያለች፣ ወደ እንጨቱ መጣች። እሱም መጣ። አፍንጫና አፍንጫ ተነካኩ።

«አነበብከው?» አለችው።

«አሁን።»

«የመጨረሻዋንስ?»

«እሷን... ገና እያነበብኳት ነው።»

ከእንጨቱ የሚወርደው ኖራ በስምንቱም እግራቸው ላይ ፈሰሰ። የጣቢያው የትኛው፣ የቪላው የትኛው እንደሆነ ከእግራቸው መለየት አልተቻለም፤ ሁለቱም ነጭ ሆኑ።

«ዞር በይልኝ፣ ሎሚ» አለ አንድ ድምፅ። ፉፋ ነው። ጆንያው በትከሻው፣ ዱላው በእጁ። ዝናቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል።

ወይዘሮ ፀሐይቱ ፊቱ ቆሙ። «ምን ፈለግህ?»

«ይህን ውሻ እትዬ። ጨርቅ የለውም።»

«የኔ ነው።»

«የርስዎማ ሎሚ ናት። የተመዘገበችው አንድ ናት። ይሄኛው ትርፍ ነው።»

«ስማኝ ፉፋ፣ አዋጁን ሲያነቡልኝ ደህና አድርጌ አዳምጫለሁ። ትርፍ ቤት ይላል፤ አራቱንም ሰጥቻለሁ። ትርፍ ውሻ የሚል አንቀጽ ካለህ አምጣና አንብብልኝ። ከሌለህ ዱላህን አውርድ፤ የሩፋኤል ዝናብ ላይ ዱላ አይነሣም።»

ጎንበስ ብለው ከሎሚ አንገት ያን ረጅም ቀይ ጨርቅ ፈቱ። በጥርሳቸው ይዘው ከመሃል ቀደዱት። ግማሹን ለሎሚ መለሱላት፤ ግማሹን በደም በራሰው የፉርጎ አንገት ላይ አሰሩ።

ፉፋ ዱላውን አየ፤ ሰማዩን አየ። «ዝናቡ ዓይኔ ገባ እትዬ» አለ። «ስንት እንደሆኑ አልታየኝም።» ጆንያውን ጠቅልሎ ሄደ።

ሎሚ ቀድማ ወደ ግቢው ገባችና ዞራ አየችው። ፉርጎ ግን አልተንቀሳቀሰም። አንገቱ ላይ ገመድ ያረፈበት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም በጥርሱ በጥሶ አምልጧል። ይህኛው አይከብድም። ከኋላው ባቡሩ ይጮሃል፤ ከፊቱ በሩ ተከፍቶ ቆሟል። እሱ የሚያውቀው በር የሚዘጋበትን፣ የሚያባርረውን፣ ጆሮ የሚቆርጠውን ነው። የሚጠብቅ በር አይቶ አያውቅም፤ የበላ፣ የጠገበ ሰው ቤት በር፣ በዝናብ እየራሰ፣ እሱን ሲጠብቅ።

ወይዘሮ ፀሐይቱ ቆርቆሮውን በእጃቸው እንደያዙ ዞር ብለው አዩት።

«ግባ እንጂ! ሦስት ወር ሙሉ እንጨቴ ሥር ስትመላለስ ያላየሁህ መሰለህ?» አሉት። «ወይስ እኔም ደብዳቤ ካልጻፍኩልህ አልገባም ነው?»